የነገ ንፋስ

ማታ ከጣቢያው ጣራ፣ መሰላሉን ይዤ፣
ሦስቱ የንፋስ ኩባያዎች ሲዞሩ ፈዝዤ፣
እቆጥራለሁ፤ እጽፋለሁ፤ እርሳሴ ዶልዱማ፣
ከፊቴ ሐይቁ ያዛጋል፣ ከኋላዬ ከተማ፣
የባጃጅ ጡሩምባ፣ የተጠበሰ አሳ ሽታ፣
በታቦር ጫፍ የቀረች ጭላንጭል ለማታ።

ስወርድ ይጠብቁኛል ሁለቱም ከበሩ፣
የማይተዋወቁ ይመስል፣ አንዴም ሳይነጋገሩ።

ቡራሞ ጀልባ አለው፣ ግማሿ የባንኩ፣
«ነገስ?» ይላል፣ «ይረጋል? ንገሪኝ በልኩ።
አምባዛው ሸሽቶናል፣ ቆሮሶውም ከስቷል፣
ማዕበል የቀደመው ስንቱ መረብ ቀርቷል።»

ዳንጊሶ ብብቱ ሥር በር ይዞ ይቆማል፣
አሥራ አምስት ቢሆነው ነው፤ ሳቁ ይቀድማል።
የፍሪጅ በር፣ ከቁራሌው በምሳ ብሩ የገዛው፣
ጠርዙን በሞረድ ክቦ፣ በሻማ ሰም ያወዛው።
«ነገስ?» ይላል፣ «ይነሳል? እስከ ወገቤ እንኳ?»
አንዲት ቃል፣ «ነገስ?»፤ ሁለት ጸሎት ናት ለካ።

ንፋስ የማዝ ይመስል ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፣
መሥሪያ ቤቱ ግን ላለፈው ንፋስ ብቻ ይከፍለኛል።
የነገው የግሌ ነው፣ ከገጹ ጀርባ የተጻፈ፣
ከስድስት ዓመት ማስታወሻ ተለቅሞ የተሰለፈ።

ለሐዋሳ ዳርቻ፣ ለአሞራ ገደል ጀልባዎች፣
የነገው ይኸውላችሁ፦
ማለዳ አሥራ ሁለት፣ ውሃው የፈሰሰ ዘይት፣
አባ ኮዳ ቆሞ ያንቀላፋል፣ ጭሱም ቀጥ ይላል፤
ሦስት ሰዓት ላይ ሽውታ፣ የፊላው ጫፍ ይነቀንቃል፤
አምስት ተኩል ከማዶ፣ ከምዕራብ፣ ንፋሱ መንገድ ይለምዳል፤
ስምንት ሰዓት፣ ውሃው ላይ የተባዘተ ጥጥ፣
ማዕበል እስከ ጉልበት፣ አንዳንዴም እስከ ወገብ፤
ዘጠኝ ሰዓት፣ ጀልባ ሁሉ ታስሮ ይቀመጥ።

ይህ የደብተሩ ነው።
ደብተሩ ባለፈው ሐሙስ ዋሽቷል።
ንፋሱ በሁለት ሰዓት ቀደመኝ፤
ቡራሞ መሐል ሐይቅ ላይ
በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውሃ ሲጨልፍ ዋለ።
አንድም ቃል አልተናገረኝ። በማግስቱ
በቅጠል ጠቅልሎ ሁለት ቆሮሶ አመጣልኝ፤
ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ደሞ ማዕበል በየትም አይሰበርም።
ከደንገሉ ወዲያ፣ ሠላሳ ክንድ ገባ ብሎ፣
ውሃው ሥር የድንጋይ አጥር አለ፤ የአባቴ ነው።
ጉማሬ ጎመኑን ስለፈጀበት
ሁለት በጋ ሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ ሠራው፤
በሩን ሊገጥም እንጨት ሲያስጠርብ
ክረምቱ ገባ፣ ሐይቁ ሞላ፣
ጎመኑም፣ አጥሩም፣ የእናቴ ዘይቱናም
አንድ ላይ ወረዱ።
ዛሬ ጉማሬው በላዩ ይዋኛል፣ ዝቅ ብሎም አያየው።
ማዕበሉ ግን ያውቀዋል፤ ከማዶ ተንደርድሮ ሲመጣ
እግሩ እዚያ ድንጋይ ላይ ይደናቀፋል፣
ይነሳል፣ ይነጣል፣ ይፈርሳል፤
ዳንጊሶም በፍሪጅ በሩ ላይ በደረቱ ተኝቶ
እየጮኸ ያልፋል።

አልነገርኩትም።
ግን ከጣራው ላይ በመነጽር ሳየው
አባቴ በር አገኘ እላለሁ፣
ከሃያ ስንት ዓመት በኋላ፣ እጀታው ሳይቀር።

«ቡራሞ፣ ከአራት በፊት ዳር ውጣ። አይ፣ ከሦስት።
ዳንጊሶ፣ አንተ ከስምንት በኋላ፤ ፊላው ውስጥ ግን እንዳትገባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።
ቡራሞ ሊሄድ ዞረና በሩን በጣቱ አንኳኳው፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን አናገረው፦
«ወፍራም ነው። ለጀልባዬ ወለል ይሆን ነበር። ስንት ትለዋለህ?»
«አይሸጥም።»
«ነገ ከረጋስ?»
ዳንጊሶ ወደ ሐይቁ አየ፣
ወደ እኔም አየ።