ምራቂ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከወፍጮ ቤት ኋላ፣
ሐምሌ ቆርቆሮውን እንደ ሽንብራ ሲቆላ፣
አንሙትና እኔ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ
ሰው እንፈጥራለን፣ ሳንጾም፣ ሳንጸልይ።

ቁመት ሰጠን፣ ፂም ሰጠን፣ አፍንጫ አቃናንና፣
ካኪ ኮት አለበስነው፤ አባባን ሆነና
ዓይኑን ሲያርገበግብ አንሙት ደነገጠ።
«ስሙስ?» አለኝ። ጻፍኩኝ፦ ይታገሡ። ተቀመጠ።

«ስምን መልአክ ያወጣል» ቢባልም በእኛ አገር፣
ያባባ ዕለት ግን መልአኩ ሌላ ቤት ነበር፤
ይታገሡ ተብሎ አንድ ቀን ያልታገሠ፣
በበቆሎ ጆንያ ላይ ሲጮህ ሃያ ክረምት የጨረሰ።

ከዚያ ሦስት ባዶ ሣጥን፤ ጠባይ የሚሞላበት።
አንሙት ሳያመነታ ጣቱን ሰደደበት፦
«ቁጡ»። ልክ ነው። ሁለተኛው «ሥርዓት ወዳድ»፤
ጫማ ተዛንፎ ቢያድር ማነው እንደ እሱ የሚነድ?
የቀረችውን ሣጥን ለእኔ ተወልኝ፤
«ለጋስ» ስል ግን ጨዋታው በቀይ መለሰልኝ፦
«ይህ ጠባይ ከ‹ቁጡ› ጋር አብሮ አይሄድም።»
ደግሜ ነካሁት። አይሰማም፤ አይከፈትም።

እንዴት አይሄድም? ባንቻየሁ ከመቀነቷ ብር ስትፈታ፣
ለአሥር ኪሎ ሲጎድላት፣ ሰልፉን አናወጠው ባንድ አፍታ፦
«አንቺ ሴትዮ! ብር መቁጠር ማን ይማርልሽ? ቁሚ!
ጆንያሽስ ጆንያ ነው? ወንፊት ነው! ወዲህ ቅረቢ፣ ስሚ!»
ሲል፣ የሚዛኑ መርፌ አሥርን አለፈ፤ አሥራ አንድን ነካ፤
በዚያም ላይ ጣሳ ሙሉ፣ ምራቂ፣ ሳይለካ።
«ሂጂልኝ!» አላት። እሷም ሳቀች፤ ታውቀዋለችና፣
ስድቡን ከእህሉ ጋር አዝላ ወረደች በላህ ጎዳና።

ባዶ ሣጥን ይዞ መኖር እዚያ አገር አይፈቀድም፤
«ምግብ ወዳድ» አልን፤ ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም።
ቤት አስገባነው። እንደታዘዘው ኖረልን፦
በመስታወት ላይ ጮኸ፣ ቧንቧ ሰበረ፣ ወጥ አሳረረልን።
ጎረቤት አንኳኳች። ሰደባት። ቀጥሎ የሚመጣውን
ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ የእጁን መነሣት፤ ጣሳውን።
አልመጣም። በሩን ዘጋ። ምግብ ፍለጋ ሄደ።
«ይህ ሰውዬ ማነው?» አለ አንሙት፤ ዓይኑ ከስክሪኑ ወረደ።

«እኔን ብትሠሪኝስ፣ በሣጥኖቼ ምን ትከቻለሽ?»
ሁለት ቀብረው ሦስተኛውን አንሙት ላሉት ልጅ ምን ትያለሽ?
«ፈሪ» ልል ነበር፦ ሌሊት ደጅ ብቻውን የማይወጣ፤
«ደፋር» ልል ነበር፦ ላህ ሞልቶ ሳለ የሰው ግልገል ዘሎ ያወጣ።
ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ዝም አልኩ።
                                        መብራት ጠፋ።
ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ሰውዬውን ይዞ ተደፋ።

ከማዶ ክፍል ስድብ መጣ፤ መብራት ኃይልን፣ ሐምሌን፣ እኛን፦
«የሌሊት ወፎች! ዓይናችሁ ሲጠፋ ማን ሊመራ ነው እኔን?»
በሩ ተበረገደ። ካኪ ኮት። ትከሻው ላይ ከባድ ነገር፦
የአይሱዙ ባትሪ፣ ወፍጮ ቤት ሲሞላ የዋለ እስከ ዳር።
ገመዱን ሰካ። «አሥር ደቂቃ! ብታልፉ ወዮላችሁ!» አለ።
ሄደ። ቆጠርን። አሥሩ አለቀ። አሥራ አንድ።
                                        ከማዶ ድምፅ የለ።