መብራቷ ትተኛ

ኮዬ ፈጬ ዳር ላይ፣ ከብሎኩ ምድር ቤት፣
ሠርግ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ ቀንና ሌሊት።
ጎረቤቴ በያጅ ነው፣ የብረት በር ሠሪ፤
እሱ በለኮሰ ቁጥር አምፖሌ ድንግጥ ይላል እንደ ፈሪ።

እትዬ አስካለ መጡ፣ ሃርድ ዲስክ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው፣
እንደ ዕቁብ ብር አጥብቀው።
«የጥላዬ ድምፅ አለበት፤ ገልብጥልኝ ልጄ፣
ሚኒባሱ ሳያመልጠኝ» አሉ ቆመው ከደጄ።

ትንሿ ሰማያዊ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ...
ቁጥሩ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቆመ፤ እጄ ገመዱን ጨበጠ።
የአምናው ሠርግ ትዝ አለኝ፦ ለታክሲ ቸኩዬ ብመነጭቀው
ሙሽሮቹ ከመኪና ሳይወርዱ ቀሩ፣
እስከ ዛሬ ድረስ፣ አበባ እንደያዙ።

«ቆይ እትዬ፣ እየጎረሰ ነው፤
ጎራሽ ከገበታ ተጎትቶ አይነሳም።
መብራቷ ትተኛ፣ ማሽኑም በል ሂድ ይበለው።»

ሚኒባሱ አለፈ። በያጁ ምሳ ወጣ።
መብራቷ ተኛች፤
«አሁን መንቀል ይቻላል» አለኝ ኮምፒውተሩ።
በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

አልሄዱም።
ለብ ያለውን ዲስክ በመዳፋቸው እየዳበሱ፣
«ጥላዬን ሲነቅሉብኝ ግን» አሉ፣
«አንድ እንኳ ቆይ ያለልኝ የለም፤
ገና እያወራ ነበር እኮ።»