አጋያ

አባቴ ምራቁን የዋጠ ሰው ነበር፤
ጎረቤት ሲጣላ የሚጠራ፣ የዕድሩን ሣጥን የሚቆልፍ፣
ሲቆጣ እንኳ ክፉ ቃል ከከንፈሩ የማያልፍ።
ምስጢሩ ግን በምራቅ ወጣ፤
ልጄ ምንታምር ብልቃጥ ውስጥ እንትፍ ብላ በሰው እጅ የላከችው
ባሕር ተሻግሮ ዘመድ ይዞ መጣ።

«አክስት አለችሽ» አላት ስልኳ፣ አንድ ማክሰኞ ማታ።
ኢንግሪድ ትባላለች፤ ሰባ ዓመቷ፤
ኖርዌይ፣ ዓሣ አጥማጅ ከሚበዛበት ጠረፍ ነው ቤቷ።
የተወለደችው ግን ኮሪያ፣ ተኩሱ በቆመ በሁለተኛው ዓመት፤
በጉዲፈቻ ወረቀቷ ላይ «አባት» ከሚለው ፊት
አንዲት ሰረዝ ተሰምራበት።

ዛሬ መጣች።
ባጃጁ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወዲህ በኮብልስቶኑ ሲንገጫገጭ
ከበር ቆሜ መዳፌን በሱሪዬ እጠርጋለሁ፤
አርባ ዓመት አቃቂ ክር የፈተለ እጅ
የሚይዘው ጠፍቶት።

ምን ብዬ ልጥራት?
በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ታላቅ አንቱ ነው የሚባል።
እህትን አንቱ ማለት ደግሞ ከደጅ ያስቀራል።
ምንታምር ሳቀችብኝ፤
«አባዬ፣ በእንግሊዝኛው ሁለቱም አንድ ነው»።
ለእነሱ አንድ ይሁን። በእኔ አፍ ሁለት በር ነው፤
አንዱ ሳሎን፣
አንዱ ጓዳ የሚያስገባ።

ስትወርድ መጀመሪያ ያየሁት ጆሮዋን ነው።
የአባቴ ጆሮ። ጫፉ የታጠፈ፣
አንባቢ ያቆመበት እንዳይጠፋው ያጠፈው ገፅ የመሰለ።
ዓይኗ የማላውቃት የእናቷ።
ቡናማ አይብ አመጣችልን፣ እንደ አጃክስ ሳሙና የተጠቀለለ፤
ባለቤቴ ወደ ልብስ ማጠቢያው ይዛው ልትሄድ ነበር።

ፎቶውን አወጣሁላት፤
አባቴ በካፖርት፣ በረዶ ላይ፣ ግራ ጎኑ የተቀደደ።
ማን ቀደደው ብዬ በልጅነቴ ብጠይቅ
እናቴ «አይጥ» አለችኝ።

ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰች። ቆየች።
«ስለ እኔ አንስቶ ያውቃል?»
ምንታምር ተረጎመችና ምንጣፉን አየች።
ውሸቱ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤
«ስምዎን ሳይጠራ አያድርም» ልል ነበር።
«የለም» አልኩ። «አላነሳም።
ጠጥቶ የመጣ ለት ብቻ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ
ትርጉም የሌላት አንዲት ቃል ነበረችው፤ አጋያ፣ አጋያ።
የአገር ስም ትሁን የፈረስ፣ የጠየቀው የለም።
እኛ ልጆች ቃሏ ደስ ስላለችን
ለውሻችን ሰጠናት።
አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ግቢ
አጋያ ነይ! አጋያ ውጪ! አጋያ ዝም በይ! ስንል
አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።
አንድ ቀን ተዉ አላለን።
አንዳንዴ፣ እኛ ሳንጠግብ፣
ከትሪው ሥጋውን አንስቶ ለእሷ ይጥልላት ነበር።»

ኢንግሪድ የሚሪንዳ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።
በስልሳ ዓመቷ ደብተር ገዝታ
የእናቷን ቋንቋ እንደ ባዕድ ፊደል ቆጥራ ነበር።
«ድገመው» አለች።
ደገምኩት፣ በአባቴ ድምፅ፣ መጨረሻውን ጎተት አድርጌ።
«ስም አይደለም» አለች ቀስ ብላ።
«እዚያ ጨቅላ ሲያባብሉ ነው የሚሉት።
የእኔ ሕፃን፣ እሹሩሩ፣ እንደዚያ።»

ምንታምር ተርጉማ ስትጨርስ
ከጎረቤት የእህል ወፍጮው ድምፅ ብቻ ቀረ።
ስንት ጊዜ ነው በድንጋይ ያባረርናት፣
ያቺን ቃል?

«ውሻዋ የት ናት?» አለች።
«ሞታ ቆየች። ከአጥሩ ሥር፣ ጽዱ አጠገብ ቀብረናታል።»
«አሳየኝ።»
ተነሳች፣ ቦርሳዋን ሳትይዝ፤
ዝናብ ያደረበት ደጅ፣ የገላን ጥቁር አፈር፣
የረገጠውን የማይለቅ።

«ቆይ፣ ጭቃ ነው» አልኳት፣
«ጫማሽ ይበላሻል።»

ጫማሽ።
አፌ ሳያማክረኝ ገባ፣
በጓዳው በር።