ችካል ነቀላ

እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ሦስተኛ ወሩ ነበር፤
ሐኪሙ ጻፈልኝ፣ ክኒን ሳይሆን አድራሻ፦
«ሽምብጥ፣ ከዋርካው ሥር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣
አሮጌ ልብስ ልበስ።»

እኔ ቀያሽ ነኝ።
አሥራ ስምንት ዓመት በገመድና በሜትር
ይህን ዳርቻ ሸንሽኜዋለሁ፤
ደንገሉ ሲቆረጥ ችካል የተከልኩት፣
ረግረጉን «ባዶ ቦታ» ብዬ የጻፍኩት
እኔ ነኝ፤ ፊርማዬ አለበት።

ባንችአየሁ ምን እንዳመመኝ አልጠየቀችኝም።
ጭቃ በሣህን፣ አንድ የሸምበቆ ቁራጭ፣
ተቀዶ የተገለበጠ የስሚንቶ ከረጢት፤
«ሥራ» አለችኝ።
«ምን?»
«እጅህን ጠይቀው።»

እጄን ጠየቅሁት።
እጄ መስመር ሠራ፤
ከመስመሩ ጎን መስመር፣ ማዕዘን፣ ደግሞ ማዕዘን፣
ዘጠና ዲግሪ፣ በጭቃም ቢሆን ዘጠና።
አጠገቤ ይስማው፣ ሲኖትራክ ይነዳ የነበረው፣
ባዶ ጀሪካን ይደበድባል
የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ አንድ በአንድ እያስታወሰ።
ወይዘሮ ትሁኔ ድምፅ አታወጣም፤
ክንዷን ብቻ እንደ ይብራ ትዘረጋለች፣ ትሰበስባለች፣
አንድ ቀን የምትነሣ ይመስላል።

ሣቄ መጣ። አፈርኩ። ሁለቱም እውነት ነው።

የሦስተኛውን ቅዳሜ ልንገራችሁ፦
ከመስመሬ ላይ አንዲት ጠብታ ወረደች፣
ወረደችና ድንበር ጣሰች፤
ልጠርጋት ብዬ ጣቴን ብሰድ
ጣቴ አልጠረገም፣ ተከተላት።
ከዚያ መዳፌ፣ ከዚያ ክርኔ፣
ከዚያ ልጅ ሳለሁ ጉማሬ የወጣበት ሌሊት፣
አባቴ ትንፋሹን ውጦ «እለፍ፣ ጌታዬ፣ እለፍ» ያለው፣
በበቆሏችን መሐል የቀረው ሰፊ ዱካ፣
ውሃ የሞላው፣ እንቁራሪት የወረሰችው፣
ሁሉም ከረጢቱ ላይ ፈሰሰ።
ጉማሬ ካርታ አያነብም።

«ዱር ነው ውስጤ የበቀለው?» አልኳት እየተንቀጠቀጥኩ፣
«ወይስ እምቦጭ? እሱም እኮ ያብባል፣
እሱም እኮ ለምለም ነው፣ ሐይቁን ግን ያንቀዋል።»
ባንችአየሁ እስከ ጉልበቷ ውሃ ገባች።
በአንድ እጇ እምቦጩን ሳበች፤ መጣላት፤
ሥሩ ጢም ብቻ፣ የጨበጠው መሬት የለም።
በሌላው ደንገሉን ሳበች፤
ደንገሉ እሷን ሳባት።
ምንም አላለችም። እኔም።

ማታ ከጥፍሬ ሥር ጭቃውን አልፋቅሁትም።
ሚስቴ አየችው፤ «ምን ስትሠራ ውለህ ነው?»
«ችካል ስነቅል።»
«ስንት ነቀልክ?»
«ግማሽ።»

እንቅልፍ? እሱ ገና ነው፤
ይመጣና ደጃፍ ላይ ይቆማል።
ሰኞ ግን፣ ቢሮ፣ በአንድ ባለጉዳይ ፕላን ላይ
አውራ ጣቴ ሳላስበው አርፎ ኖሮ፣
የቅዳሜው ጭቃ በላቤ ረጥቦ
ቡናማ ክብ አተመ።
ሰውዬው ተቆጣ፤
«ይሄ ደግሞ የምን ምልክት ነው? መፍቻው ላይ የለም!»
ጎንበስ ብዬ አየሁት።
ጠርዙ በወረቀቱ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰፋል።
«ውሃ ነበር» አልኩት፣
«እዚህ ጋ።»