ሁለተኛ ማርሽ

ጦይባ ይመርን እኔ፣ ያወቅኋት መድረክ ላይ አይደለም፤
ሸክላዋንም አልገዛሁ፣ ማጫወቻ ቤቴ የለም።
በመስታወት ነው ያወቅኋት፣ ሹፌር ወንበር ላይ ሆኜ፣
የፋብሪካውን ሠራተኛ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ጭኜ፣
ሌሊት ዐሥር ሰዓት ተኩል፣ ከቧንቧ ውሃ ተነሥቼ፣
የሐረጎን ጉም በመብራት፣ እንደ ከባድ በር ገፍቼ።

ከኋላ ሠላሳ ሴቶች፣ ትከሻ ተበዳድረው፣
የቀረች እንቅልፋቸውን፣ ይጨርሳሉ ተኮራምተው፤
እሷ ግን ሦስተኛው ወንበር፣ ግንባሯን ለመስኮት ሰጥታ፣
ታንጎራጉር ነበር፣ ከሞተሩ ድምፅ ሥር ገብታ።
ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ፣
ሞተሩ ሲያጉረመርም፣ በደረቱ እንደሚያነባ፣
«እሱ ነው ቤዙ» አለችኝ።
«እንዳትቀይረው።»
አልቀየርኩም።
የጭነት መኪና ከኋላዬ ጡሩንባውን ነፋ፤ አልቀየርኩም።

ኋላ ነው ሰው የነገረኝ። ፒያሳ፣ አንድ የእንጨት ፎቅ፣
ጣራው ዝናብ የሚያስገባ፣ ድራም መቺው በጃንጥላ ሥር የሚሥቅ፤
ልጅቱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ቀሚስ የእህት፣ ጫማ የዱቤ፣
አባቷ በመንዙማ ሌሊት፣ ሰው የሚያስለቅሱ በድቤ።
አንድ ቀን ደጁ ድረስ መጥተው፣ ሳይገቡ ሳይመለሱ፣
ዝናብ ላይ ቆመው ሲሰሟት፣ ከነጥምጣማቸው በሰበሱ።
አልተቆጡም። ስትወጣ፣
«የምትተነፍሺበትን ቦታ ከኔ ነው የሰረቅሽው» ብቻ አሏት።

አንድ ሸክላ አስቀረጸች፤ ፊቱም ጀርባውም የራሷ።
አምባሰልን ይዛ ትነሣና፣ ግማሽ መንገድ ላይ ትጥላለች፤
ሳክስፎኑ ዞር ዞር ብሎ ሲፈልጋት፣ እሷ ባቲ ገበያ ደርሳለች።

ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ።
ቤት ተወረሰ፣ ሌሊትም አብሮ ተወረሰ፤
የአሊጋዝ ሳክስፎን ሰልፍ ወጣ፣ ማርሽ እየነፋ ጨረሰ።
እሷን ለበዓል መድረክ ሲጠሯት፣ «ድምፄ ተዘግቷል» አለች፤
ሐኪም ምንም አላገኘም፤ እሷ ዐሥራ አንድ ዓመት በዚያው ጸናች።

ፋብሪካው ሲከፈት ገባች። ፈትል ክፍል፤ ጥጡ ባየር ላይ ይዘንባል፣
ቅንድብ ላይ ያርፋል፣ ከንፈር ላይ፣ ሲስሉት ሳንባ ይገባል፤
በስድስተኛው ዓመት እውነትም ዘጋ። ያን የጥንት ውሸቷን
ብናኙ ማህተም መታበት፤ ቀማት ላይኛውን ድምፅዋን።
ታችኛው ቀረ።
ሰርቪሱ ውስጥ የሰማሁት እሱን ነው፤
እንደ ኩበት እሳት፣ ነበልባል የለው፣
ሙቀቱ ግን እስከ ሹፌር ወንበር የሚደርስ።

ጡረታ ወጣን። ሰርቪሱም ተሸጠ።
ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፣ አዲስ ሆቴል በር ላይ
«ዛሬ ማታ ጦይባ» የሚል፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሳይ
ገባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍዬ።
የፕላስቲክ ወንበር፣ ያልቀዘቀዘ ለስላሳ፣ ኪቦርድ የሚመታው ልጅ፣
ኑርሁሴን፣ ሸክላዋን ካጎቱ ሣጥን ያገኘ፤ እሷን ፈልጎ አይደለም፣
የጠፋበትን መፍቻ ሲፈልግ እንጅ።

አንድ ስንኝ አለችና ቆመች።
ሰዉ ረሳችው ብሎ አጨበጨበላት፣ ለማገዝ።
አልረሳችም። አየር እየቆጠረች ነበር።
ልጁ ግን ብልህ ነው፤ እጁን አነሣ፣ ዝምታውን አልሞላም፤
ቀጣዩን ቃል ይዛ ተመለሰች፤ የት እንደሄደች የነገረችን የለም።

መሃል ላይ ዘፈኑ መውረድ ጀመረ። ሲወርድ አወቅሁት፤
ያ ኩርባ ነው፣ ከትልቁ ዛፍ ቀጥሎ፣ ገደሉ በግራ።
ኪቦርዱ ቤዝ የለውም።
እግሬ ከጠረጴዛው ሥር
ፍሪሲዮን ፈልጎ ረገጠ።