በአንደኛ ማርሽ

ይርዳው ልጄ፣ ትናንት ማታ በራፌ ላይ ቁጭ ብለህ፣
«ነገስ ምን ይሆናል?» አልኸኝ፣ የጫማህን ክር እየፈታህ።
ዝም አልሁህ። ንቄህ አይደለም፤
የማላውቀውን አውቃለሁ አልልህም።

ዛሬ ጦሳ ጉም ለብሷል፤ ከሰኞ ገበያ ማዶ
ቤት የለ፣ ባሕር ዛፍ የለ፤ ከተማው የት ይሁን ሄዶ?
እኔ ግን ጉም አልፈራም፤ የማውቀው ጉም አለኝ፣
በሐረጎ ዳገት ላይ አንድ ሌሊት ያዘለኝ።

ኡራል ነበር መኪናው፤ ከኋላው ሰባት ቁስለኛ፣
ከፊት ሁለት ነን፤ ሾፌርና ረዳት፣ እኛ።
መብራት ክልክል ነው፤ አለ ከጋራው ያደፈጠ፣
ጥይቱን አጉርሶ ብልጭታችንን የቋመጠ።
ጉሙ ወርዶ መስታወቱን እንደ ሞራ ሸፈነው፤
መሪው እጄ ላይ አለ፣ መንገዱ ግን የት ነው?
ባንዱ ወገን ቋጥኝ፣ ባንዱ ወገን ባዶ፤
ስንቱ ከነ ጭነቱ ቀርቷል እዚያ ወርዶ።

ሞተሩን አጠፋሁ። ከኋላ አንዱ ያቃስታል፤
አንዱ «እናቴ» ይላል፤
አንዱ ዝም ብሏል፤ የሱ ይብሳል።
«ጌታ ሆይ» አልሁ፣ «መንገዱን አሳየኝ፤ አንዴ ብቻ፣
እስከ ደሴ ድረስ፣ እስከ ዳገቱ መጨረሻ።»

መንገዱን አላሳየኝም።

ይመር በሩን ከፈተ፤ ብርዱ ገባ፣ እሱ ወረደ፤
የቀረችንን ፋሻ በጀርባው መስቀለኛ ገመደ።
ሶላቱን የሚያደርስ ሰው ነው፤ መስቀል ብሎ አይደለም፣
እንዳይፈታ ነው እንጂ። እኔ ግን ያን ነጭ ቀለም
ሳይ፣ አማተብሁ።
«መንገዱን ተወው» አለኝ፣ «አትፈልገው፣ የለም።
እኔን እይ። ስሄድ ና። ስቆም ቁም።»

አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፤
ነጩ አንድ ክንድ ሲርቅ፣ አንድ ክንድ ተጠጋሁ።
እሱ ጎንበስ ብሎ ዳሩን በእግሩ ሲዳስስ፣
እግሬ ፍሬኑ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ አፌ ስሙን ሲያመላልስ፣
አራት ሰዓት ሙሉ ሐረጎን በክንድ ለካነው።
ያኔ ነው የገባኝ፣ በጥንት ዘመን ያ ሰው
ፊቱን ሊያይ ሲለምን፣ ለምን ጀርባውን እንዳሳየው።

ይመርን መልአክ ነው አልልህም። የሃያ ብር ዕዳው አለብኝ፤
ቤቱ ባቲ ነው ብለውኝ ሄድሁ፣ የሚያውቀው ሰው ጠፋብኝ።

ሲነጋ ደሴ ነን። ጉሙ ከታች እንደ ሐይቅ ተኝቷል፤
አምስቱ በሰው ትከሻ ወረዱ፤ ሁለቱ በዝምታ ቀርተዋል።
«ሁለቱስ?» አልሁት ጌታን፤ ሠላሳ ዓመት ጠየቅሁት፤
መልሱን አገኘሁ ብዬ አልዋሽህም፤ አላገኘሁት።

በማግስቱ በፀሐይ፣ ባዶ መኪናዬን ይዤ ስወርድ፣
አየሁት ያለፍሁበትን፤ አስፋልቱ ተሸርፎ፣ አፈሩ ሲናድ፤
ከጎማዬ ዱካ እስከ ገደሉ አንድ ስንዝር አይሞላም።
ጉልበቴ ከዳኝ። ቁጭ አልሁ። ለካ
መንገዱን ቢያሳየኝ ኖሮ ያን ሌሊት አልነሣም።

የሱ መብራት ለእግር ነው፤ ለአድማስ አላለም።

አሁን ዓይኔን ሞራ ይዞታል፤ ቦሩ ሜዳ ቀጠሮዬ ማክሰኞ፤
አንተ ደግሞ «ይጠሩኝ ይሆን?» ትላለህ፣ ከሰኞ እስከ ሰኞ፤
በእንቅልፍህ ስትጮህ እሰማለሁ፣ ግድግዳችን ጭቃ ነው፤
እኔም እጮህ ነበር፤ እናትህ ሰምታ የማትነግረኝ ነው።

ያውልህ፣ ወጣች፤ መድኃኔዓለም ኪዳን ልታደርስ፤
ጉሙ ውጧታል፤ ነጠላዋ ብቻ ነጭ ነጭ ይላል፣ ሲገሠግሥ።
ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተም እኔም አናይም።

ተነሥ፤ ክሩን መልሰህ እሰር።
አንተ እሷን እይ፤ እኔ ትከሻህን እይዛለሁ።
ቀስ በል ታዲያ፣
በአንደኛ ማርሽ።