ሜዳውም ይኸው

ሐሙስ ማታ፣ ቶድሞርደን፣ ከእሳት አደጋው ጋራዥ በላይ፣
ዝናቡ መስኮት ሲቆጥር፣ ማሞቂያው ሲያጓራ ላይ ላይ፣
አንድ አረንጓዴ ጨርቅ ዘረጋሁ፣ ስድስት ጫማ በአራት፣
ባዶ፤ ገና ስም ያልወጣለት፣ ማንም ያልሞተበት መሬት።

ተራው የእኔ ነው ዛሬ፤ ደንቡም ከጥንት የታወቀ፦
መሬቱን የሚያሰናዳ ሰው ከጦርነቱ የራቀ።
ግራና ቀኝ ቆመዋል ሁለቱ፣ እጃቸውን አጣምረው፣
እንደ ውርስ ተካፋዮች ጣቴን በዓይን ቆጥረው።

ጋርዝ መድፍ አለው፤ ስምንት፤ ክረምቱን ሙሉ የቀባቸው፣
ጎማቸው ላይ የጭቃ ፍንጣቂ ሳይቀር የሣለባቸው።
«ሜዳ ይሁን» ይላል፤ «ለዛፍ ቦታው ሌላ ነው፤
ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ የቀረን ምንድነው?»

ኢኒድ መድፍ የላት፤ እግረኛ ነው፤ መቶ ሃያ ጠብመንጃ፤
«ጥሻ ጨምር፤ ካብ ጨምር፤ ያለዚያ» ትላለች «እንጃ!»
አርባ ዓመት ጥርስ ነቅላለች፤ ታውቃለች መታገሥን፣
ድድ ውስጥ ተሸሽጎ ሰው የሚያስለቅስ ሥርን።

ባለፈው ወር ጨርቁን ራቁቱን ተውሁት፤ ሰነፍሁና፤
አንድ ኮረብታ፣ አንድ ቤት፤ «ይበቃል» አልሁና።
ሻዩ ሳይበርድ አለቀ። መድፉ ከዳር እስከ ዳር አየ፤
ኢኒድ ሙታኗን ለቀመች፤ ዝምታዋ እስከ ደጅ ቆየ።

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ለካሳ ያህል፣ አበዛሁ፦
የጥድ ደን፣ ረግረግ፣ ወፍጮ ቤት፣ ሦስት ድልድይ ደረደርሁ፤
ወንዙን ሁለቴ አጣመምሁት፣ ሙጫው ገና ሳይደርቅ።
አቤት ሲያምር! ሠራዊት ግን አይገባበት፣ ቢገባም አይዘልቅ፤
ሦስት ሰዓት ሙሉ ለካን፣ ሜትር ስንስብ ስንለቅ፣
አንድ ጥይት ሳይተኮስ የአዳራሹ ኪራይ ሲያልቅ።

እኔ ፖስተኛ ነኝ፤ መሬትን የማውቀው በጉልበቴ፤
ከካርታ በፊት የሚነግረኝ ቁርጭምጭሚቴ።
አውቃለሁ፦ አንድ ካብ ብቻ፣ ወገብ እንኳ የማይደርስ፣
የሰሜን ነፋስ ሲጋረፍ፣ ከሥሩ ስታጎነብስ፣
ቤት ይሆናል። አውቃለሁ፦ ክፍት ሜዳ ላይ ውሻ ሲያይህ፣
ሁለት መቶ እርምጃ ማለት ስንት ዓመት እንደሚሆንብህ።

አውቃለሁ ደግሞ ወደ ወይዘሮ ኦልድሮይድ የሚያወጣውን፦
በር አልፎ በር፣ አጥር አልፎ አጥር፣ ያን ሁሉ መዝጊያ፣ ያን ሁሉ ቁልፉን።
ባለፈው ጥር የሳምንት ፖስታ ከደጇ እንዳለ አገኘሁ፤
ከዚያ ወዲህ አጥር ባየሁ ቁጥር በር እቆጥራለሁ።

ዛሬ ግን ተንበረከክሁ። አገጬን ከጨርቁ ዳር ጣልሁ፤
ጣት በማታክል ወታደር ቁመት ዓለሙን አየሁ።
የእርሳስ ሰው ነው፤ ላጲስ ግን የለውም ለእኔ አበሳ፤
ከላይ ስፖንጅ ያልሁት፣ ከታች ተራራ ሆኖ ተነሣ።

ያን ኮረብታ፣ ከአሮጌ ፍራሽ ተቆርጦ የሻይ ቅጠል የለበሰ፣
ወደ ግራ ገፋሁ፤ መለስሁ፤ ገፋሁ፤ ሐሳቤ እየፈረሰ።
ሌላውን ከማዶ፣ እንዳይተያዩ፤ መሐል አንድ ጠማማ መንገድ፤
ጫካ፣ ለመሸሸግ፤ ግን መውጫ ያለው፣ ለሚሻ መሄድ።
ካብ ሁለት። ከዚያ ሦስት ስንዝር ምንም። መድፍ የሚያይበት፣
ሰው ሮጦ የሚሻገረው፣ ከፈራም የሚቆምበት።

«ይበቃል?» አልሁ። ዝም አሉ። ማሞቂያው ብቻ አጓራ።
ጋርዝ ከሣጥኑ አንድ ካብ አወጣ፣ እንደ ሌባ እየፈራ፣
ከኢኒድ ፊት አኖረው። «ያን ዕለት» አለ «ቶሎ አለቀ፤
ቤቴ ገባሁ፣ ገና ሁለት ሰዓት፤ ንጋቱ እንዴት ራቀ!»
ኢኒድ መነጽሯን አወለቀች፤ አየችው፤ ሜትሯን ሳበች፤
«አንድ ጣት ወደ ቀኝ» አለች፤ ራሷ አስጠጋች።

አንዲት ባለ ቀይ ጣሪያ ቤት እጄ ላይ ቀርታ ነበር፤ የት ትሁን?
ዳይስ ተንከባለለ፤ ረሱኝ፤ ማንም አልጠየቀኝ ይህን።

ዓርብ ማለዳ፣ ዳገቱ ላይ፣ ቁልፍ ፍለጋ ኪሴን ብዳብስ፣
ጭስ ማውጫዋ ጣቴን ወጋ። ቆምሁ፤
ከካቡ ሥር፣ ነፋሱ እስኪታገሥ።